ጳጉሜን ሰባት በቀረጻ ክፍል

በወርኃ ጽጌ ከዋሉት ቅዳሜዎች በአንደኛው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የደብር አዳራሽ፣ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን በትከሻቸው አንተርሰው፣ ጸናጽላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቀኝና ግራ ወገን ሆነው ትይዩ በቆሙት ሊቃውንት ዙሪያ 16 ማይክሮፎኖች ተተክለው ነበር፤ ስምንቱ የቀኝ ጌታውን ወገን፣ ስምንቱ የግራ ጌታውን ወገን እንዲሰሙ። ከማይክሮፎኖቹ የሚወጡት ጥቁር ገመዶች በበሩ ሥር አልፈው፣ ወንበርና ምንጣፍ ወደሚከማችበት ጠባብ ዕቃ ቤት ይገቡና፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከተደራረቡት ሁለት ግራጫ ሣጥኖች ጀርባ ይሰካሉ። እነዚህ ሣጥኖች የድምፅ ሰዎች ኮንቨርተር የሚሏቸው፣ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጡ መሣሪያዎች ናቸው፤ የቀኙ ወገን በላይኛው፣ የግራው ወገን በታችኛው ሣጥን ይገባል፤ ታችኛውም የቆጠረውን በአንዲት ቀጭን የብርሃን ገመድ ለላይኛው ያቀብላል፤ ላይኛው ደግሞ የሁለቱንም ወገን ቁጥር አንድ አድርጎ ለኮምፒዩተሩ ይሰጣል።

ቀረጻው እንደ ሥርዓቱ ከቁም ዜማ ተነሥቶ፣ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜም ወደ መረግድ፣ ከመረግድም ወደ ጽፋት ሄደ። የመጀመሪያው ክፍል ሲፈጸም መሪጌታው የተቀረጸውን ሊሰሙ ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡና፣ ጥምጥማቸውን በጥቂቱ ከፍ አድርገው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አሳርፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። እኔ አጠገባቸው ባለች አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊታቸውን እመለከት ነበር። ገና ቁም ዜማው ሳይጋመስ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ልጄ፣ ይህ በየመካከሉ ጠጠር የሚወረውር ማነው?» አሉ። «ደግሞ ከግራ ወገን ብቻ ነው።»

«የኔታ፣ እስቲ ይስጡኝ ልስማው» አለና የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

በመረግዱና በጽፋቱ ጊዜ ከበሮውና ጸናጽሉ ሸፍኖት ኖሮ ባለሙያው አላስተዋለውም ነበር፤ ድምፅ ብቻውን፣ ያለ ከበሮና ያለ መቋሚያ፣ ራቁቱን በሚቆምበት በቁም ዜማው ግን፣ ሙሉ ጸጥታ ላይ እንደምትወድቅ ጠጠር ያለች «ጠቅ» የምትል ድምፅ በግልጽ ትሰማለች። ባለሙያው የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ በጣቱ እየነካካ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ። 15 ጊዜ ሆነች። እንግዲህ በየ4 ሰከንዱ አንድ ጊዜ መሆኗ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ ማይክሮፎኖቹን ሊመረምር ወደ አዳራሹ አልሄደም፤ ገመድም አልነቀለም፤ በቀጥታ ወደ ሣጥኖቹ ጀርባ ዞረ። ምክንያቱም የተበላሸ ገመድ እንዲህ በልክ አያንኳኳም፤ በልክ የሚያንኳኳ ሰዓት ነው።

ነገሩ ይገለጥ ዘንድ ከሥሩ መጀመር ይገባል። ድምፅ የአየር መናወጥ ነው፤ ማይክሮፎን ያንን መናወጥ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ መናወጥ ይለውጠዋል፤ ኮንቨርተር ደግሞ ያንን የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ማዕበል በእኩል እኩል ጊዜ እየጠበቀ ከፍታውን ይለካና በቁጥር ይጽፈዋል። የዚያን ዕለት ሣጥኖቹ የተሰናዱት በሰከንድ 48,000 ጊዜ እንዲለኩ ነበር፤ ለሙዚቃ ሲዲ የተወሰነው ደግሞ 44,100 ነው። ከዚህ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ እያንዳንዱ ቁጥር የማዕበሉን ከፍታ እንጂ የተለካበትን ጊዜ በውስጡ የማይዝ መሆኑ ነው። ቁጥሮቹ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በተርታ ይቀመጣሉ፤ ፍሬው ስንተኛ እንደሆነ ይታወቃል፤ በአንዱና በተከታዩ መካከል ያለው ክር ምን ያህል እንደሆነ ግን ፍሬው ራሱ አይናገርም። ክሩን የሚያውቀው ኮንቨርተሩ የሚቆጥርበት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ኮንቨርተሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ሲቆጥሩ፣ ሁለቱም «48,000 ቆጠርን» ይላሉ፤ ሁለቱም በየራሳቸው እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱ ሰከንድ የሌላው ሰከንድ አይደለም።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ነገር ከእኛ በፊት ያውቁታል ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም። እነርሱ ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲትን በ60 ራብዒት፣ ራብዒትን በ60 ኀምሲት፣ ኀምሲትን በ60 ሳድሲት ከፍለው፣ ጊዜን እስከ ስድስተኛው ረቂቅ ክፍል ድረስ በስም አስይዘውታል። ባለሙያው በየ4 ሰከንዱ የምትመጣውን ጠጠር ሲቆጥር ሳለ እኔም በወረቀት ጠርዝ ላይ ይህንኑ አሰላሁ፤ በ48,000 በሚቆጠር ቀረጻ ከአንዱ ቁጥር እስከ ተከታዩ ያለው ጊዜ ልክ 11 ሳድሲት ከሩብ ሆኖ አገኘሁት። ሳድሲት ለምን አስፈለገች፣ ማንስ ይለካባታል እያልን በትምህርት ቤት ለጠየቅነው ሁሉ፣ እነሆ በሳድሲት የሚሠራ ሣጥን በዕቃ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ4 ሰከንድ ውስጥ 192,000 ቁጥሮች ይቆጠራሉ፤ ከነዚህ መካከል አንዷ ናት የተሰናከለችው። የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ከሚሊዮን 5 ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። በዚህ መጠን የምትስት የእጅ ሰዓት በዓመት ሦስት ደቂቃ እንኳ አትሞላም፤ ባለቤቷም በጣም ጥሩ ሰዓት አለኝ ብሎ ይመካባታል። ሊቃውንቱ ደግሞ የፀሐይን ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ብለው ይቆጥራሉ፤ 15ቱ ኬክሮስ በየአራት ዓመቱ ተጠራቅመው ጳጉሜንን ስድስት ያደርጓታል፤ 6ቱ ካልዒት ግን፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ደቂቃ ከ24 ሰከንድ የሆኑት፣ እንዲሁ ሲጠራቀሙ ኖረው በ600 ዓመት አንድ ዕለት ይሞላሉና፣ በዚያን ጊዜ ጳጉሜን ሰባት ትሆናለች ብለው ያስተምራሉ። በ600 ዓመት ውስጥ ያሉት ዕለታት 219,150 ናቸው። ከ219,150 ዕለታት አንዲት ትርፍ ዕለት፤ ከ192,000 ቁጥሮች አንዲት ትርፍ ቁጥር። መጠኑ ይህን ያህል መቀራረቡ አጋጣሚ ነው፤ የነገሩ ባሕርይ ግን አንድ ነው። መሪጌታው የሰሙት ጠጠር በየ4 ሰከንዱ የምትውል ጳጉሜን ሰባት ነበረች።

ትርፏ ዕለት ስትመጣ ሊቃውንት በክብር ስም ሰጥተው በቀመር ውስጥ ያስገቧታል፤ ኮንቨርተር ግን ለትርፏ ቁጥር ቦታ የለውም። የታችኛው ሣጥን ሰዓት ከላይኛው የሚፈጥን እንደሆነ፣ ላይኛው ተቀብሎ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ አንዷን ቁጥር ይጥላታል፤ የሚዘገይ እንደሆነም፣ ሊቀበል ሲዘረጋ እጁ ባዶ ይሆንና ያለፈችውን ቁጥር ይደግማታል። በየትኛውም መንገድ ማዕበሉ በመካከሉ ይሰበራል፤ ያ ስብራት ነው በጆሮ «ጠቅ» ብሎ የሚሰማው። ከላይኛው ሣጥን በቀጥታ የሚመጣው የቀኝ ወገን ድምፅ ንጹሕ ሆኖ፣ ከታችኛው የሚሻገረው የግራ ወገን ብቻ ጠጠር የበዛበት ስለዚህ ነው።

ድምፅን በቁጥር የመጻፍ ጥበብ ከተወለደ ጀምሮ የሰዓት ስምምነት ጥያቄ አብሮት አለ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ይህን ዘዴ ፓሪስ ላይ ሲሠራ ሳለ ያሰበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ነው፤ ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ ዘዴው ወደ ጦርነት ገባ። በ1943 በዋሽንግተንና በለንደን መካከል፣ መሪዎች የሚነጋገሩትን ጠላት እንዳይሰማ፣ ሲግሳሊ የተባለ ግዙፍ የምሥጢር ስልክ ተተከለ፤ የለንደኑ መሣሪያ ያረፈው በታወቀው በሰልፍሪጅስ መደብር ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ይህ ስልክ የተናጋሪውን ድምፅ በቁጥር ከለወጠ በኋላ፣ ሥርዓት የሌለው ጫጫታ ከተቀረጸበት የሸክላ ዲስክ በሚወጣ ቁጥር ይቀላቅለዋል፤ የዚያ ዲስክ መንትያ በሌላው ወገን ይሽከረከርና፣ የተጨመረውን ጫጫታ መልሶ ይቀንሰዋል። የሚቀንሰው ግን ሁለቱ ዲስኮች፣ ውቅያኖስ በመካከላቸው ሳለ፣ በአንዲት ቅጽበት ተነሥተው በአንድ ፍጥነት የዞሩ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ጥቂት ከተዛነፉ የሚደርሰው ቃል ሳይሆን ጫጫታ ነው። ስለሆነም የማዞሪያዎቹን ሞተሮች በክሪስታል ሰዓት ያስጠብቋቸው ነበር። ምሥጢሩ በሙሉ የተንጠለጠለው በቁልፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱም ላይ ነበር፤ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ከቁልፉ ይልቅ ሰዓቱ ያስደንቀኛል።

44,100 የሚለው እንግዳ ቁጥርም ከዚሁ ከሰዓት ጉዳይ የወጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ቀረጻዎች የሚከማቹት በቪዲዮ ካሴት ላይ ስለነበር፣ የድምፁ ቁጥር ከሥዕሉ መስመር ጋር መስማማት ነበረበት፤ በአሜሪካና በጃፓን አሠራር በአንድ መስመር 3 ቁጥር፣ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፤ በአውሮፓ አሠራር ደግሞ 3 ቁጥር፣ 294 መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ። አባዝቶ ለተመለከተ ሁለቱም 44,100 ይሆናሉ።

ሰዓቱ ራሱ ምንድር ነው? ከጥፍር የማይበልጥ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ወንድማማቾቹ ዣክና ፒዬር ኩሪ በ1880 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለ ክሪስታል ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያወጣል። በተቃራኒውም ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ቅርጹ በእጅጉ በረቀቀ መጠን ይለወጣል፤ ተቆርጦ በተሰናዳበት ልክም እንደ ደወል በአንድ ቃና ይንቀጠቀጣል። ዋረን ማሪሰን ከባልደረባው ጋር በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን የኳርትዝ ሰዓት በ1927 ሠራ። በዛሬዎቹ ኮንቨርተሮች ውስጥ የተለመደው ክሪስታል በሰከንድ 24,576,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን፣ ያ ለ512 ሲካፈል 48,000ን ይሰጣል። ነገር ግን ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድንጋይ ተቆርጠው የወጡ ሁለት ክሪስታሎች እንኳ ፍጹም እኩል አይንቀጠቀጡም፤ ሙቀት ይለያያቸዋል፣ ዕድሜ ይለያያቸዋል፣ የተቀመጡበት ሣጥን ይለያያቸዋል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ባሕርያቸው ነው።

የሰዓት በሽታ ግን ሁለት ዐይነት ነው፤ ብዙ ሰው፣ መሣሪያ ሻጩም ጭምር፣ አንዱን ከሌላው ሲያምታታ ይታያል። አንደኛው እስካሁን የተናገርነው፣ አበቅቴ ብዬ ልጠራው የወደድሁት ነው። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ዕለት ሆነው በየዓመቱ በ11 ዕለት እንደሚለያዩ፣ ሁለት ሰዓቶችም እያንዳንዳቸው ሳይናወጡ፣ በጸጥታና በዝግታ ይራራቃሉ። ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው፤ የድምፅ ሰዎች ጂተር ይሉታል። ሰዓቱ በድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ምት በጥቂቱ አስቀድሞ፣ ተከታዩን በጥቂቱ አዘግይቶ ሲመታ ማለት ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ በወንዝ ዳር ቆሞ የውሃውን ከፍታ በእንጨት የሚለካ ሰው ቢኖር፣ ለመለካት በተቀጠረባት ቅጽበት ጥቂት ቢዘገይ ውሃው በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ክንድ ጨምሮ ያገኘዋል፤ በበጋ ግን፣ ውሃው ሲተኛ፣ አንድ ሰዓት ቢዘገይ እንኳ የሚሳሳተው ነገር የለም። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ የከበሮ ጉርምርምታ ዘገምተኛ ማዕበል ስለሆነ የሰዓትን መንቀጥቀጥ ይታገሣል፤ ፈጣኑና ሾጣጣው የጸናጽል ድምፅ ግን አይታገሥም። እያንዳንዱ ቁጥር በ16 ቢት በሚጻፍበት ቀረጻ፣ የሰው ጆሮ ሊሰማው በሚችለው የመጨረሻ ቀጭን ድምፅ ላይ፣ ስሕተቱ ከትንሿ የመለኪያ እርከን ግማሽ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ መንቀጥቀጡ ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ አንድ ስምንተኛ ገደማ መብለጥ የለበትም። ብርሃን እንኳ በዚያች ጊዜ ውስጥ የሚሄደው አራት ሴንቲሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ሳድሲት ራሷ ወደ 15,000 ያህል ቦታ ተካፍላ ከዚያ አንዱ ክፍል ማለት ነው፤ ለዚህስ አበው ስም አልሰጡትም።

አበቅቴን የሚያስታርቀው አንዱን ሰዓት መሪ፣ ሌላውን ተመሪ ማድረግ ነው። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይጌንስ በ1665 ታሞ አልጋ ላይ ሳለ፣ በአንድ ተሸካሚ እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት የወዛዋዥ ሰዓቶቹ ሁልጊዜ አንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሌላው ወደ ግራ እየሄደ ፍጹም ተስማምተው ሲወዛወዙ አየ፤ ሆን ብሎ ቢያዛባቸውም ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ተስማሙ። ያስማማቸው የሁለቱን ንዝረት እያመላለሰ ያደረሰው የጋራ እንጨት ነበር። በኮንቨርተሮች መካከል የእንጨቱን ሥራ የሚሠራው አንድ ገመድ ነው፤ በዚያ ገመድ ላይ ድምፅ አይተላለፍም፤ ዎርድ ክሎክ የሚባል፣ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ባዶ ምት ብቻ ይተላለፋል። ተቀባዩ ኮንቨርተር ያንን ምት ሰምቶ የራሱን ሰዓት ከእርሱ ጋር እያነጻጸረ፣ ሲቀድም ገታ፣ ሲዘገይ ፈጠን ያደርገዋል። ፈረንሳዊው አንሪ ደ ቤልሲዝ በ1932 ለሬዲዮ የገለጸው ይህ ዘዴ ፌዝ ሎክ ይባላል። የማኅሌት ሥርዓት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በዝማሜ ጊዜ ተመሪው መቋሚያውን የሚያነሣው የመሪውን መቋሚያ እየተመለከተ ነው፤ ግን እያንዳንዷን የመሪውን የእጅ መንቀጥቀጥ አይከተልም፤ የሚከተለው የአካሄዱን ልክ ነው። ደኅና ፌዝ ሎክም እንዲሁ በገመዱ ላይ የመጣውን መንቀጥቀጥ ንቆ አካሄዱን ብቻ ይወስዳል፤ ርካሹ ግን ልኩንም መንቀጥቀጡንም አብሮ ይቀዳል።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚጠፋበት ነገር ደረስን። ለብቻው ተሠርቶ የሚሸጥ፣ ማስተር ክሎክ የሚባል ሣጥን አለ፤ ድምፅ አይቀርጽም፣ አያሰማም፤ ሥራው ለሌሎቹ ሁሉ ምት መስጠት ብቻ ነው። ከነዚህም መካከል በሩቢዲየም አቶም የሚሠሩ አሉ። ሻጮቹ አንድ ኮንቨርተር ብቻ ላለው ሰው እንኳ ይህን ቢገዛ ድምፁ እንደሚጠራ፣ እንደሚሰፋ፣ እንደሚለሰልስ ይነግሩታል። የዚያን ዕለት ቀረጻ ላዘጋጀው ማኅበርም እንዲህ ያለ ሣጥን እንዲገዛ አንድ ነጋዴ ብርቱ ምክር ሰጥቶት ኖሮ፣ የጠየቀው ዋጋ ከሁለቱ ኮንቨርተሮች ዋጋ ይበልጥ ነበር።

እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም፤ ምክንያቴንም እናገራለሁ። የአቶም ሰዓት ክብሩ በብዙ ዓመታት ውስጥ አለመሳሳቱ ነው፤ ለድምፅ ግን የሚያስፈልገው የዓመታት ታማኝነት ሳይሆን የቅጽበት ጸጥታ ነው። አንድ ቀረጻ ከሚሊዮን አንድ ያህል ቢፈጥን በምድር ላይ የሚለየው ጆሮ የለም፤ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚናወጥ ቃና በዚህ የሚለወጠው ከአንድ ሺኛ ንዝረት በታች ነው። ሁለተኛም፣ የኮንቨርተሩ የራሱ ክሪስታል ከሚለካው ቺፕ ጋር የሚራራቀው በጣት ስፋት ሲሆን፣ የውጭው ሰዓት ምት ግን ከሣጥኑ ወጥቶ፣ ገመድ ተጉዞ፣ በሌላው ሣጥን በር ገብቶ፣ በፌዝ ሎክ ተጣርቶ ነው የሚደርሰው፤ በዚህ መንገድ ሁሉ መንቀጥቀጥ ሊጨመርበት ይችላል። ሂዩ ሮብጆንስ የተባሉ እንግሊዛዊ ባለሙያ በ2010 ሳውንድ ኦን ሳውንድ በተባለው መጽሔት የተለያዩ ኮንቨርተሮችን በራሳቸው ሰዓትና በውድ የውጭ ሰዓቶች እያደረጉ በመለኪያ ሲፈትኗቸው፣ በውጭው ሰዓት የተሻለ አላገኙም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ባሰባቸው። በውጭ ሰዓት ሲሠራ ድምፁ የተለወጠ መስሎ የሚሰማው ሰው አይዋሽም፤ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለውጥ ሁሉ መሻሻል አይደለም።

ይህን ስል ማስተር ክሎክ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሃያና ሠላሳ መሣሪያ ባለበት የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ካሜራውም ሚክሰሩም መቅረጫውም በአንድ ምት መሄድ አለባቸውና፣ ከመካከል ሆኖ ለሁሉም እኩል የሚያድል ሰዓት ግዴታ ነው፤ በሌለበት ቦታ ሥራው ይፈርሳል። መሣሪያዎቹ በኔትወርክ ሲገናኙ ደግሞ፣ ዳንቴ በተባለው አሠራር እንደሚደረገው፣ እርስ በርሳቸው ተመዝነው ከመካከላቸው አንዱን መሪ ሰዓት አድርገው ይሾማሉ፤ መሪው ቢጠፋ ሌላ ይተካሉ። ሰዓቱ የሚገዛው እንግዲህ ለስምምነት እንጂ ለጥራት አይደለም።

ስምምነት በማይኖርበት ጊዜ የሚሆነውን በየቤታችን አይተነዋል። የሠርግ ወይም የስብከት ቪዲዮ ሲቀረጽ ሥዕሉን ካሜራ፣ ድምፁን ለብቻው ሌላ መቅረጫ ይይዘዋል፤ ሲጀመር ከንፈርና ቃል ገጥመው ሳለ፣ ሰዓት እየገፋ ሲሄድ ሰባኪው አፉን ከዘጋ በኋላ ቃሉ ይሰማል። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ከሚሊዮን 50 ያህል ልዩነት ቢኖር፣ ተራ ክሪስታሎችም ይህን ያህል ሊለያዩ ይችላሉና፣ በአንድ ሰዓት ስብከት ውስጥ ወደ አንድ አምስተኛ ሰከንድ የሚጠጋ አበቅቴ ይጠራቀማል። አቀናባሪው ልጅ «ካሜራው ተበላሽቷል» ይላል፤ ካሜራው ግን ደኅና ነው።

ወደ ዕቃ ቤቱ እንመለስ። ባለሙያው ከሣጥኖቹ ጀርባ ሲዞር ያገኘው፣ አስቀድሞ እንደ ጠረጠረው፣ የታችኛው ሣጥን የሰዓት ምርጫ «ኢንተርናል» በሚለው ላይ ተቀምጦ ነው፤ ማለት በራሱ ሰዓት፣ በራሱ መሪነት። ሁለቱም መሪዎች ነበሩ። ከቦርሳው አንድ ሜትር የምትሆን፣ በሁለቱ ጫፎቿ እየተጠመዘዘ የሚቆለፍ የብረት አፍ ያላት ጥቁር ገመድ አወጣ፤ አንዱን ጫፍ ከላይኛው ሣጥን የሰዓት መውጫ፣ ሌላውን ከታችኛው የሰዓት መግቢያ አስገብቶ ቆለፈ፤ ከዚያ የታችኛውን ምርጫ ወደ ውጭ ሰዓት ለወጠ። የታችኛው ሣጥን ግንባር ላይ ያለች አረንጓዴ መብራት ሦስት አራት ጊዜ ብልጭ ብልጭ አለችና ቀጥ ብላ በራች።

ግን ገና አልጨረሰም። በታችኛው ሣጥን ጀርባ፣ 75 ኦም ተብሎ የተጻፈባት አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ እርሷን በጥፍሩ ገፋ አደረጋት። ምን እንደሆነች ስጠይቀው፣ «የገደል ማሚቶ ማጥፊያ ናት» አለኝ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁላትም። ምቱ በገመዱ ውስጥ ሄዶ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚውጠው ነገር ካላገኘ፣ እንደ እረኛ ጩኸት ከገደሉ ተመልሶ ወደ መጣበት ይሄዳል፤ ተመላሹም ከሚመጣው ጋር ተጋጭቶ ሹሉን ጫፍ ያደበዝዘዋል፤ የደበዘዘ ጫፍ ደግሞ የመንቀጥቀጥ መነሻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ተቀባይ፣ የመጨረሻው ብቻ፣ ምቱን ውጦ ማስቀረት አለበት፤ በመካከል ያሉትም እንዋጥ ካሉ የምቱ ጉልበት ይደክማል። ይህች ሁለት ሳንቲም የማታህል ማብሪያ በስንት ቀረጻ ቤት ተረስታ እንደምትቀር ሳስብ ያሳዝነኛል።

መሪጌታው በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ቆመው ያዩ ነበር። ነገሩ ሲጠናቀቅ፣ «ታዲያ ምን ሆኖ ኖሯል?» አሉ።

«የኔታ፣ የግራው ወገን የራሱ መሪ ነበረው» አለ ባለሙያው።

«ይኸው ነዋ!» አሉና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ አዳራሹ ወጡ።

ቁም ዜማው እንደ ገና ከመጀመሪያው ተባለ። ስንሰማው የግራው ወገን እንደ ቀኙ ንጹሕ ነበር፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ጸጥታም ጸጥታ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የማኅበሩ ሰዎችም ነጋዴው የመከራቸውን ሣጥን ሳይገዙ ቀሩ፤ ለሁለት ኮንቨርተር የአንደኛው ሰዓት ይበቃልና ደግ አደረጉ።

በየአድባራቱና በየማኅበሩ የአባቶችን ዜማ ለመቅረጽ የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ በዕድሜ የገፉ መሪጌታ አንድን ዜማ ሁለተኛ እንዲደግሙ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ ኮንቨርተር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ «ጀምሩ» ከማለታችሁ በፊት ወደ ሣጥኖቹ ጀርባ ዞራችሁ መሪው አንድ ብቻ መሆኑን፣ የሌሎቹም አረንጓዴ መብራት ሳትርገበገብ መብራቷን አረጋግጡ።